ወረቀት በምን ይከብራል?

ከመዳፍ የማትሰፋ አንዲት ካርቶን ወረቀት በ12 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ዶላር ተሸጠች ቢባል፣ ከመካከላችን የሚበዛው ተማሪ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎም «ገንዘብ የተረፈው ሰው የሚሠራው ቢያጣ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ወሬው ግን እውነት ነው። በ2022 በነሐሴ ወር በአሜሪካ አገር በሐራጅ የተሸጠችው ይህች ወረቀት፣ ሚኪ ማንትል የተባለው የቤዝቦል ተጫዋች ሥዕል ያለባት፣ በ1952 ከማስቲካ ጋር ታሽጋ የወጣች ካርድ ናት። በወጣችበት ጊዜ ማንኛውም ልጅ በኪሱ ባለው ሳንቲም ይገዛት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር ስንጠቅስ ለይተን እንናገራለን።)

ይህን ጉዳይ በተማሪው መጽሔት ላይ ማንሣታችን ለአንዳንዶች እንግዳ ሊመስል ይችላል። «ስንት የአገር ጉዳይ እያለ ስለ ልጆች መጫወቻ ይጻፋልን?» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። እኛ ግን ጥያቄው የልጆች አይደለም እንላለን። አንዱ ወረቀት ሲከብር አጠገቡ ያለው ሌላው ወረቀት የቆሻሻ መጣያ የሚሞላው ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ አጥብቆ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው ማን ነው ቢባል፣ ለአንዲት ወረቀት ሲል አራትና አምስት ዓመት እንቅልፉን የሚያጣ ሰው ነው። እርሱም ሌላ ሳይሆን እኛው ነን።

ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «እብደት ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሚወዱት ሲሆን፣ «ጥቂት ስለ ሆነ ይወደዳል፤ የአቅርቦትና የፍላጎት ነገር ነው» ይላል። የመጀመሪያው መልስ ነገሩን ሳያዩ መፍረድ ነው። ሁለተኛው ግማሽ እውነት አለበት፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ተማሪን ከሙሉ ስሕተት ይልቅ ያሳስታል። በበኩላችን የምንለው ሌላ ነው። የካርድ ዋጋ የቆመው በመታመን ላይ ነው፤ ይኸውም ያተመው ቃሉን እንደ ጠበቀ፣ የያዘው እንዳልነካካው፣ የመዘነውም እንዳላዳላ ሰው ሁሉ ሲያምን ነው። ጥቂትነትም ሆነ ውበት ይህ መታመን ከሌለ ዋጋ ሆኖ አይቆምም። ይህንንም ከካርዶቹ ከራሳቸው ታሪክ ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩ የተጀመረው በትምባሆ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የአሜሪካ የሲጋራ ፋብሪካዎች፣ ሲጋራው በስሱ መጠቅለያ ውስጥ እንዳይታጠፍና እንዳይሰበር ጠንከር ያለች ካርቶን ይከቱበት ነበር። ካርቶኗ ባዶዋን ከምትቀር ብለው የተዋንያንን፣ የእንስሳትን፣ የኋላ ኋላም የቤዝቦል ተጫዋቾችን ሥዕል አተሙባት። አጫሹም ስብስቡን እስኪያሟላ ድረስ ያንኑ ሲጋራ ደጋግሞ ይገዛል ብለው አሰቡ፤ አልተሳሳቱምም። እንግዲህ ዛሬ ሚሊዮን የሚያወጣው ዕቃ ሲወለድ የሌላ ዕቃ መደገፊያና ማስታወቂያ ነበር ማለት ነው።

ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካን ቶባኮ ካምፓኒ ከአምስት መቶ በላይ ዓይነት የተጫዋቾች ካርድ አወጣ። ከእነዚህ አንዱ የፒትስበርጉ ሆነስ ዋግነር ነው። ዋግነር በዘመኑ ከሁሉ የላቁ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ በ1936 ለቤዝቦል የክብር አዳራሽ መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ሰዎች መካከል ይገኛል። የእርሱ ካርድ ግን ገና ጥቂት እንደ ታተመ ቆመ። አንዳንዶች «ልጆች ሥዕሌን ፍለጋ ሲጋራ እንዳይገዙ ብሎ ከለከለ» ይላሉ፤ ሌሎች «ስለ ሥዕሉ ገንዘብ ስላልከፈሉት ነው» ይላሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ብቻ ዛሬ በዓለም ላይ መኖራቸው የሚታወቀው የዋግነር ካርዶች ስድሳ ቢሆኑ ነው። በ2022 ከእነዚህ አንዱ በ7 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ዶላር ተሸጧል።

እዚህ ላይ የኤኮኖሚክሱ ተማሪ «ይኸው! ጥቂት ስለ ሆነ አይደለምን?» ይለናል። እኛም እንመልስለታለን፦ ባለፈው ሴሚስተር ያስረከብነው የፈተና ወረቀት በዓለም ላይ ከአንድ በላይ የለም፤ ገዢ ግን አልመጣለትም። ቀልዱን ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንመለስና የማንትልን ካርድ እንመልከት። ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ በ1952 ያወጣው ስብስብ 407 ካርዶች ነበሩት፤ የማንትል ቁጥር 311 ነው። በስብስቡ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ የማንትል፣ የጃኪ ሮቢንሰንና የቦቢ ቶምሰን ካርዶች በማተሚያው ገጽ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለ ገቡ፣ ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በዝተው ነው የታተሙት። ጥቂትነት ብቻውን ዋጋ ቢሆን ኖሮ ማንትል ከጎረቤቶቹ ረክሶ በተገኘ ነበር። «የመጀመሪያ ካርዱ ስለ ሆነ ነው» እንዳይባል ደግሞ የመጀመሪያ ካርዱ አይደለም፤ ባውማን የተባለው ኩባንያ በ1951 ያተመው ይቀድመዋል። በዋጋ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ነው።

ታዲያ ምን ተጨመረለት? የሰው ፍቅር ተጨመረለት። በ1952 የስምንትና የአሥር ዓመት ልጅ የነበረው አሜሪካዊ፣ ትልቅና ባለቀለም የሆነውን ያን ካርድ በኪሱ ይዞ ትምህርት ቤት ሄዷል፤ ከጓደኛው ጋር ተለዋውጧል፤ በብስክሌቱ ጎማ ሽቦ መካከል ሰክቶ ሲንጣጣ ሰምቷል። ያ ልጅ አድጎ ሐኪም ወይም ጠበቃ ወይም ነጋዴ ሲሆን፣ እናቱ ቤት ስታጸዳ የጣለችውን ካርድ በገንዘቡ መፈለግ ጀመረ። የሚፈልገው ካርቶኑን ብቻ አልነበረም። እኛም ብይና ቆርኪ ሰብስበን ያደግን ሰዎች ይህ አይጠፋንም። በሰፈር ልጆች ዘንድ አንዲት ለየት ያለች ብይ በስንት ተራ ብይ እንደምትለወጥ ያልተጻፈ ሕግ ነበረ፤ ሕጉንም ሁሉም ያከብረው ነበር። የፋብሪካው ዋጋ ሌላ፣ የሰፈሩ ዋጋ ሌላ ነበር።

የዚያው የ1952 ስብስብ የመጨረሻ ክፍል የደረሰበት ዕጣ ደግሞ ሊነገር የሚገባው ነው። ካርዶቹ ገበያ የወጡት የጨዋታው ወራት ሊያልቅ ሲል ስለ ነበረ ብዙዎቹ ሳይሸጡ ቀሩ። ሳጥኖቹ በመጋዘን ውስጥ ቦታ ይዘው ከከረሙ በኋላ፣ ስብስቡን ያዘጋጀው የቶፕስ ሠራተኛ ሳይ በርገር በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ እንዳስጣላቸው ራሱ ሲናገር ኖሯል። ከተጣሉት መካከል ማንትልም ነበረበት። ልብ በሉ፤ ካርዱን ለማስወደድ አስቦ የጣለው ሰው የለም። እናቶች የጣሉት ቤት ለማጽዳት፣ ኩባንያውም መጋዘን ለማስለቀቅ ነው። ስለዚህ ከተረፈው ካርድ ጀርባ ተንኮል የለም ብሎ ገዢው ያምናል። ማንም ያላቀደው ጥቂትነት ከሁሉ ይልቅ የሚታመን ጥቂትነት ነው።

ይህን ያልተረዳ ትውልድ የከፈለውን ዋጋ ቀጥለን እንይ። በ1980ዎቹ ውስጥ ጋዜጦች ስለ አሮጌ ካርዶች መወደድ መጻፍ ሲጀምሩ፣ ብዙ አሜሪካዊ አባት አዲሱን ካርድ በሳጥን እየገዛ ሳይከፍት ምድር ቤት አስቀመጠ፤ ልጁ ሲያድግ የኮሌጅ መክፈያ ይሆነኛል ብሎ ነው። አታሚዎቹም ቶፕስ ብቻ አልነበሩም፤ ከ1981 ጀምሮ ፍሊርና ዶንረስ፣ በ1989 ደግሞ አፐር ዴክ ገበያውን ተካፍለው ነበር። ሁሉም ፍላጎቱን አይተው ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም ገዛ፤ ሁሉም በጥንቃቄ አስቀመጠ፤ የጣለ እናት አልተገኘም። በ1994 የቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ አድርገው የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ሲቀር ደግሞ ቀድሞውንም የላላው ፍቅር ይብሱን ቀዘቀዘ። ያ ሁሉ ሳጥን ዛሬ ቢከፈት አብዛኛው ካርድ የተገዛበትን ያህል እንኳ አያወጣም። አገራችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትለው እንዲህ ያለውን ሀብት ነው። ልብ ማለት ያለብን ግን ጥፋቱ የገዢው ብቻ አለመሆኑን ነው። አታሚው በየካርዱ ላይ በቃል ያልተጻፈ አደራ ነበረበት፤ «ይህን ያህል እንጂ ከዚህ በላይ አላትምም» የሚል። አደራውን ሲበላ ወረቀቱ ወደ ወረቀትነቱ ተመለሰ።

ሁለተኛው የዋጋ ምሰሶ የካርዱ ደኅንነት ነው። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ሰብሳቢ የሚያደርገው ለእኛ አባቶች እንግዳ አይደለም። አሞሌ ጨው በገንዘብነት ሲያገለግል ማዕዘኑ የተሸረፈው እንደ ሙሉው አይቆጠርም ነበር። የማሪያ ቴሬዛን ብር የሚቀበል ነጋዴም በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያለው የጌጥ ፈርጥ ጥርት ብሎ መታየቱን አገላብጦ ይመረምር ነበር፤ ፈርጡ የደበዘዘውን አይወስድም። ብሩ ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ እንኳ ሲታተም የሚይዘው ዓመት 1780 ነው። ምክንያቱም ሕዝቡ ያመነው ያን መልክ ነው፤ መልኩ ትንሽ ቢለወጥ ብር መሆኑን ይጠራጠር ነበር። ልዩነቱ ብሩ ከሃያ ሦስት ግራም በላይ ጥሩ ብር በውስጡ የያዘ መሆኑ ነው። ቢቀልጥም ብር ነው። ካርዱ ግን በውስጡ ምንም የለውም፤ ቢቃጠል አመድ ነው። ስለዚህ ለካርዱ መልክ ብቻ ሳይሆን ሁሉ ነገር ነው።

ይህን ምርመራ ዛሬ የሚያደርጉት ለዚሁ የተቋቋሙ ድርጅቶች ናቸው። ከእነርሱ የታወቀው ፒ.ኤስ.ኤ. በ1991 ሥራ ጀመረ። ካርዱ ሲላክለት አራቱን ማዕዘን፣ ጠርዙን፣ የላይኛውን ገጽ፣ ሥዕሉ በትክክል መሐል ላይ መታተሙን ያያል፤ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያም በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ ይመልሳል። በ9 እና በ10 መካከል ያለውን ልዩነት ተራ ዓይን አያየውም፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። እንግዲህ ሰው የሚገዛው ካርዱን ነው ወይስ ነጥቡን? ብዙዎቹ ነጥቡን እንደሚገዙ ግልጽ ነው። ነጥቡ ካርዱን እንዲያገለግል ተፈጥሮ ሳለ ካርዱ የነጥቡ አገልጋይ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ነገር ለተማሪ ጆሮ እንግዳ ባይሆን አያስደንቀንም።

ነጥብ ሰጪውም ሰው ነው፤ ይሳሳታል። ከዋግነር ካርዶች ሁሉ እጅግ ጥሩ መልክ ያለው አንድ ካርድ ነበረ። በ1991 ዌይን ግሬትስኪ የተባለው ስመ ጥር የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ከአንድ ሸሪኩ ጋር በ451 ሺህ ዶላር ገዛው። ፒ.ኤስ.ኤ. መጀመሪያ የመዘነውም ካርድ ይኸው ነው፤ 8 ነጥብ ሰጠው። በ2007 ዋጋው 2 ሚሊዮን ከ800 ሺህ ዶላር ደረሰ። በ2013 ግን ካርዱን ቀደም ሲል ገዝቶ የሸጠውና በኋላም የታወቀ የሐራጅ ቤት ባለቤት የሆነው ሰው፣ በማጭበርበር ተከሶ ፍርድ ቤት ፊት በቀረበ ጊዜ የዚያን ካርድ ጠርዝ መቁረጡን አመነ። የተጎሳቆለውን ጠርዝ ቆርጦ ማዕዘኑን ስለታም አደረገ ማለት ነው። ካርዱ የዋግነር ካርድ መሆኑ አልተለወጠም፤ ወረቀቱ ያው፣ ሥዕሉ ያው ነው። የተቆረጠው ግን የካርቶን ጠርዝ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ጥሩ ማዕዘን ያለው አሮጌ ካርድ የያዘ ሰው ሁሉ በካርዱ ላይ ጥርጣሬ ወደቀበት። የአንዱ መቀስ የሁሉንም ጠርዝ ነካ።

ሦስተኛው ምሰሶ የአታሚው ቃል ነው። በዚህ ነገር ከሁሉ የሚያስተምረው «ማጂክ» የተባለው የካርድ ጨዋታ ነው። ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ በ1993 አወጣው። በመጀመሪያው እትም ውስጥ «ጥቁር ሎተስ» የተባለችው ካርድ ወደ 1,100 ያህል ብቻ ታተመች። በ2021 ሠዓሊው በማሸጊያ ፕላስቲኳ ላይ የፈረመባትና ሙሉ ነጥብ ያገኘች አንዲት ጥቁር ሎተስ በ511,100 ዶላር ተሸጣለች። ኩባንያው ግን በ1995 ሰዎች በውድ የገዟቸውን ብዙ የቆዩ ካርዶች እንደገና አትሞ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ሰብሳቢዎችም አምርረው ጮኹ። በ1996 ኩባንያው «እነዚህንና እነዚህን ካርዶች ዳግመኛ አናትምም» ብሎ ዝርዝር አወጣ። የዛሬው የጥቁር ሎተስ ዋጋ በአብዛኛው በዚያ ቃል ላይ የተቀመጠ ነው። በ2022 ኩባንያው የሠላሳኛ ዓመት መታሰቢያ ብሎ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ካርዶች ጀርባቸውን ለውጦ፣ ለውድድር እንዳይገቡ አድርጎ አተመ፤ አራት እሽጎችንም በ999 ዶላር ሸጠ። «ቃሌን አላፈረስሁም፤ እነዚህ እኮ እውነተኞቹ አይደሉም» ነው ነገሩ። በፊደሉ ከሄድን እውነቱን ነው። የሰብሳቢዎቹ ቁጣ ግን ከፊደሉ አልተነሣም። ቃል የሰጠ ሰው የቃሉን አጥር በጎን በኩል ሲለካ የታየ ጊዜ፣ አጥሩን ገና ሳይዘል ጎረቤት መጠርጠር ይጀምራል።

ዛሬ ኩባንያዎቹ ይህን ትምህርት በራሳቸው መንገድ ተረድተውታል። ጥቂትነትን በዕድል ከመጠበቅ ፈንታ ራሳቸው ያትሙታል፤ በካርዱ ላይ «ከአንድ አንዱ» ብለው ይጽፉበታል። በ2023 ይኸው የማጂክ ኩባንያ ከ«የቀለበቶች ጌታ» ታሪክ የወሰደውን አንድ ብቸኛ ካርድ በሚሊዮን በሚቆጠሩ እሽጎች መካከል ደብቆ ሸጠ፤ የተገኘውንም ዘፋኙ ፖስት ማሎን በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ይህ ከውቅያኖሱ ታሪክ ጋር አንድ ነውን? በእኛ አስተያየት አይደለም። የማንትል ካርድ ጥቂት የሆነው ሰዎች ተጫውተውበት፣ አርጅቶ፣ ተጥሎ ነው። ይህኛው ጥቂት የሆነው በትእዛዝ ነው፤ ነገ ሌላ ብቸኛ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ ብቸኛ እንዳይታተም የሚከለክል የለም።

ከዚህ ይልቅ ደስ የሚያሰኘን የጃፓኑ የፖክሞን ካርድ ነው። «ኢለስትሬተር» የተባለው ካርድ በ1997 እና በ1998 ኮሮኮሮ የተባለው የልጆች መጽሔት ባዘጋጀው የሥዕል ውድድር ላሸነፉ ልጆች የተሰጠ ሽልማት ነበር፤ የተሸለመውም 39 ያህል ብቻ ነው። ፒካቹ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የነደፈችው አጹኮ ኒሺዳ ሣለችው። በ2021 ሙሉ ነጥብ ያለው አንዱ በ5 ሚሊዮን ከ275 ሺህ ዶላር ተሸጧል። ይህን ካርድ በእሽግ ውስጥ ዕድል ሞክሮ ያገኘው ልጅ አልነበረም፤ መጀመሪያ የያዘው ሁሉ እርሳስ አንሥቶ ሥሎ፣ ተወዳድሮ ነው ያገኘው። ስሙ እንኳ «ሠዓሊ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወሙን ወገኖች የሚሉትን ሳንሰማ ማለፍ አንፈልግም። «ይህ ሁሉ ቁማር ነው» ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ እሽግ ለልጅ መሸጥ ከሎተሪ የሚለየው እምብዛም ነው። በ2020 እና በ2021 ወረርሽኙ ሰውን ቤት ባዋለበት ጊዜ የካርድ ዋጋ ጣሪያ ነክቶ፣ በግንቦት ወር 2021 ታርጌት የተባለው ታላቅ የአሜሪካ መደብር ከአንድ ሱቁ ደጃፍ በካርድ ምክንያት ጠብ ስለ ተነሣ ካርድ በየሱቁ መሸጡን ለጊዜው አቁሞ ነበር። ከመካከላችን ገንዘቡን በእንዲህ ያለ ነገር ላይ አውሎ አትርፌ አድራለሁ የሚል ቢኖር፣ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ከማለት የተሻለ ምክር የለንም። ነገር ግን ቁማርነቱ የእሽጉ እንጂ የካርዱ አይደለም። ሰው የሚወደውን መሰብሰቡ፣ መመደቡ፣ ለልጅ ልጅ ማቆየቱ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

ለዚህ ምስክር የምንጠራው ጀፈርሰን በርዲክን ነው። በርዲክ ሀብታም አልነበረም፤ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በቁርጥማት የሚሠቃይ ሰው ነበር። የአሜሪካን ካርዶች በየዓይነታቸው ለይቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ ማውጫ ያዘጋጀላቸው እርሱ ነው። ዛሬ ሚሊዮነሮች የዋግነርን ካርድ «ቲ 206» ብለው የሚጠሩት በእርሱ ቁጥር ነው። ከሦስት መቶ ሺህ በላይ የሆነውን ስብስቡን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በስጦታ ሰጠ፤ ጣቱ እየተቆለመመ ለዓመታት እየተመላለሰ ካርዶቹን በጥራዝ ላይ በማጣበቂያ ለጠፋቸው። በ1963 መጀመሪያ ሥራውን ጨረሰ፤ ከሁለት ወር ያህል በኋላ ሞተ። ከለጠፋቸው መካከል አንድ የዋግነር ካርድ አለ። የዛሬ ነጥብ ሰጪ ቢያየው በጀርባው ላይ ስላለው ማጣበቂያ አዝኖ ዝቅተኛ ነጥብ በሰጠው ነበር። ነገር ግን ከዚያ ካርድ ይልቅ የሚታመን የዋግነር ካርድ ከየት ይመጣል? ማን እንደ ሰበሰበው፣ ማን እንደ ለጠፈው፣ ለምን እንደ ለጠፈው ይታወቃል። ለመሸጥ ያልታሰበ ስለ ሆነ ለማሳመር የቆረጠው መቀስ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ወረቀት እንመለስ። በምረቃ ቀን የምንቀበለው ዲግሪ ከካርድ በምን ይለያል? እርሱም ካርቶን ነው፤ ቢቃጠል አመድ ነው። ዋጋው ያው በሦስቱ ላይ የቆመ ነው፦ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ በቃሉ ላይ፣ የያዘው ተማሪ በእጁ ንጽሕና ላይ፣ የመዘነው መምህር ባለማዳላቱ ላይ። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲጀመር ብዙዎቻችን አጉረምርመናል። እንደ እኛ አመለካከት ግን የፈተናው መምጣት ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ገዢው በአታሚው ቃል ላይ ሙሉ እምነት ቢኖረው ኖሮ ሌላ መዛኝ ባልፈለገ ነበር። ፕላስቲኩ የሚፈለገው መቀሱ ከታየ በኋላ ነው።

ፕላስቲኩም ቢሆን የተሸረፈ ማዕዘን አይጠግንም። ስለዚህ ጥያቄያችን ለአስተዳደሩ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዳችን ነው። ለአስተዳደሩ የምንለው አጭር ነው፦ ማስተማር ከምትችሉት በላይ አትቀበሉ፤ ከምትመሰክሩለት በላይ አታስመርቁ። የአሜሪካ ካርድ አታሚዎች ያለ ልክ ያተሙት ገዢ ስለ ነበራቸው ነው፤ ገዢው ሲሸሽ ግን የቀድሞው ካርድ እንጂ የእነርሱ አልተረፈም።

ለተማሪው ወገናችን የምንለው ደግሞ ይህ ነው። በፈተና አዳራሽ ለጓደኛው ወረቀቱን አዘንብሎ የሚያሳይ ሰው ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። የሌላውን የምርምር ጽሑፍ ገንዘብ ከፍሎ አጽፎ በስሙ የሚያስረክበውም ጉዳቱ የራሱ ብቻ ይመስለዋል። ሁለቱም የዋግነርን ጠርዝ በመቀስ ያስተካከለውን ሰው ሥራ እየሠሩ ናቸው። ነጥቡ ያምራል፤ ማዕዘኑ ይሾላል፤ ምናልባትም ለብዙ ዓመት ማንም አያውቅባቸውም። የታወቀ ዕለት ግን ቀጣሪው የእነርሱን ወረቀት ብቻ አይጠራጠርም። ሌሊቱን አንብቦ በራሱ እጅ የጻፈውን፣ ከገጠር እናቱ ጥሪት ሸጣ ያስተማረችውን፣ በአንድ ማኅተም ሥር አብሯቸው የተመረቀውን ሁሉ ወረቀት አገላብጦ ያያል፤ እንደ ድሮው የብር ነጋዴ ፈርጡን ይቆጥራል። ያን ጊዜ ያ ንጹሕ ተማሪ ምን ብሎ ይመልስለታል?